በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ፦ የወይዘሮ ጎደሊቭ ደ ሳድለር ሕይወት (1938–2024)

ወይዘሮ ጎደሊቭ ደ ሳድለር ከአባታቸው ከአቶ አልፎንስ ደ ሳድለርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ክሌመንስ ፋን ኒውንሆቨ፣ በአልስት ከተማ፣ ከዴንደር ወንዝ ማዶ በሚገኘው የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በክር ፋብሪካ ማሽን አንቀሳቃሽ ነበሩ። እናታቸው የሰው ልብስ እያጠቡ ቤቱን ይደጉሙ ነበር። ከቤቱ ሁለት ልጆች ታናሿ እርሳቸው ሲሆኑ፣ ታላቅ እህታቸው ወይዘሪት ኢርማ ሦስት ዓመት ይበልጧቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው በሚገኘው የመነኮሳት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዐሥራ አራት ዓመታቸው ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ በጠባይ ግን ወቀሳ የማያጣቸው ልጅ እንደነበሩ የትምህርት ቤቱ ደብተር ይናገራል። መምህራቸው በአንድ ገጽ ግርጌ «ጎደሊቭ መልሱን ታውቃለች፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ትክክል አይደለም ብላ ትከራከራለች» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወደ ክር ፋብሪካው ገቡ። እህታቸው ኢርማ በበኩላቸው ስፌት ተምረው የሙሽራ ቀሚስና ለከተማው ዓመታዊ የፌዝ በዓል፣ ለካርኒቫል፣ የሚለበሰውን ልብስ ሁሉ የሚሰፉ ታዋቂ ባለሙያ ሆኑ።

በ1960 ከአቶ ፍሎሪሞንድ ኮፐንስ ጋር በሕግ ተጋብተው በ1962 ልጃቸውን ቨርነርን ወለዱ። በ1965 የተወለደችው ሁለተኛ ልጃቸው ሊያ በሦስት ወሯ ዐርፋለች። ወይዘሮ ጎደሊቭ ስለዚህች ልጅ ብዙ አይናገሩም ነበር፤ ግን በየዓመቱ በልደቷ ቀን ወደ መቃብሯ ሄደው ሳሩን በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር። አቶ ፍሎሪሞንድ ጫማ ሠሪ ሲሆኑ፣ እሑድ እሑድ በሰፈሩ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፉ ነበር። ሁለቱም ምግብ ማብሰል አይችሉም ነበር፤ ይህንንም ቤተሰቡ ሁሉ በግልጽ ያውቃል።

ወይዘሮ ጎደሊቭ በ1967 በፖስታ ቤት ተቀጥረው በጽዳት ጀመሩ። በ1973 ከከተማው የመጀመሪያዎቹ ሴት ደብዳቤ አዳዮች አንዷ ሆኑ። በዚያ ዘመን የአረጋውያን የጡረታ ክፍያ በፖስተኛ እጅ በየቤቱ ይደርስ ስለነበር፣ በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የማያውቁት የሽማግሌ ቤት አልነበረም። ማን ደረጃ መውረድ እንዳቃተው፣ የማን መጋረጃ እስከ ረፋድ ሳይገለጥ እንደሚቆይ፣ ማን ከእርሳቸው በቀር በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው እንደማያይ ያውቁ ነበር። አንድ አለቃቸው መዘግየታቸውን አንስተው ሲወቅሷቸው «ደወሉን መደወል ሥራ አይደለም ጌታዬ፤ ሥራው መጠበቁ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው በር እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል» ብለው መለሱ። አለቃው ዳግመኛ አላነሡትም።

ሕይወታቸውን የወሰነው ነገር የደረሰው በ1984 ነው። አባታቸው ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ ብዙ እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው በመሆኑ በወንዙ ወዲያኛው ዳርቻ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ተላኩ። እናታቸው ደግሞ ዓይናቸው ቢደክምም መንቀሳቀስ ስለሚችሉ የሚገባቸው ሌላ ዓይነት ቤት ነው ተብሎ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ቤት እንዲገቡ ተደረገ። ሃምሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ልጆቻቸው ሲያመላልሷቸው ብቻ የሚገናኙ ሆኑ። እናታቸው በየጊዜው «አልፎንስ ተቆጥቶኛል እንዴ? ለምን አይመጣም?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። በ1985 የጸደይ ወራት በዐሥራ አንድ ቀን ልዩነት ሁለቱም በየፊናቸው ዐረፉ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። የአንዱ ቤት ደንብ እንዲህ ይላል፣ የሌላው ደግሞ እንዲያ ይላል፤ በቃ። ወይዘሮ ጎደሊቭን እስከ መጨረሻው ያንገበገባቸውም ይኸው ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የያዙት ጉዳይ አንድ ነው፦ አብረው ያረጁ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው እንክብካቤ ስለተለያየ ብቻ እንዳይለያዩ። መጀመሪያ ለአልስት የአረጋውያን ቤቶች፣ ቀጥሎ ለክፍለ አገሩ ሹማምንት ጻፉ። በ1996 ባለቤታቸው አቶ ፍሎሪሞንድ በልብ ሕመም ድንገት ሲያርፉባቸው ቤታቸውን ለልጃቸው ትተው ወደ እህታቸው ወደ ኢርማ ገቡ። ሁለቱ እህትማማቾች በወላጆቻቸው ቤት ሃያ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ኢርማ ሲያበስሉ ጎደሊቭ ዕቃ ያጥባሉ፤ ማታ ማታ ካርታ ይጫወታሉ፤ ኢርማ ያታልላሉ፣ ጎደሊቭ ይይዟቸዋል፣ ኢርማ ይክዳሉ።

በ1998 ከፖስታ ቤት በጡረታ ሲሰናበቱ፣ በዓመቱ በብራሰልስ የሚገኘው የአውሮፓ ጡረተኞች የጋራ ሸንጎ አባል ሆኑ። በሳምንት ሁለት ቀን በጠዋቱ ባቡር እየሄዱ፣ ዳቦና አይባቸውን በቦርሳቸው ይዘው፣ የሕዝብ እንደራሴዎች በሚያልፉበት ኮሪደር ይቀመጡ ነበር። ረጅም ንግግር አያውቁም። የሚያልፈውን እንደራሴ ያስቆሙና አስቀድመው የሚጠይቁት «እናትዎ የት ነው ያሉት?» ብለው ነው። አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ግን ቆም ይልና ያለበትን ስብሰባ ይረሳል። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ባለው ወንበር ተቀምጦ እናቱ ጋ ስልክ እንደደወለ ያዩ ሰዎች ይመሰክራሉ።

በ2004 ሸንጎው ከአረጋውያን ቤቶች ተወካዮች ጋር አንድ ቻርተር አረቀቀ። ቻርተሩን የፈረመ ቤት ሁሉ አብረው የኖሩ ሰዎችን በአንድ ክፍል እንዲያኖር የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጹን ያረቀቁት ወይዘሮ ጎደሊቭ ናቸው። የቤቶቹ ተወካዮች ግን ተቃወሙ። «አብረው የኖሩ ከተባለ ማን ከማን ጋር እንደኖረ ማን ይመሰክራል? የጋብቻ ወረቀት ያላቸው ተብሎ ይጻፍና ዛሬውኑ እንፈርማለን» አሉ። የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ ኩስቶዲዮ፣ ከፖርቶ የመጡ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ እንዳይቀበሉ መከሯቸው። በዚያ ሳምንት ዓርብ ግን በአልስት ሁለት አሮጊትና ሽማግሌ፣ ሃያ ዓመት ጡረታቸውን ያደረሱላቸው ባልና ሚስት፣ ሊለያዩ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር። ወይዘሮ ጎደሊቭ «ዛሬ ይኼን እንያዝ ኩስቶዲዮ፤ የቀረውን ነገ» አሉ።

አቶ ኩስቶዲዮም «በእኛ ዕድሜ ነገ ሩቅ አገር ነው እኮ» ብለው መለሱላቸው፤ ሆኖም ፈረሙ። ባልና ሚስቱ ሳይለያዩ ቀሩ።

በዚያ ምሽት ወይዘሮ ጎደሊቭ ደስ ብሏቸው ቤት ሲገቡ ኢርማ ሾርባ እያወጡ ነበር። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ሲጨርሱ «እሺ፣ እኔና አንቺስ የቱ ጋ ነን?» አሉ።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ። ሾርባሽን ብይ!»

«ጤነኛነቴን አልጠየቅኩሽም። የቱ ጋ ነን ነው ያልኩሽ።»

ይህን ታሪክ ለቤተሰባቸው የነገሩት ራሳቸው ወይዘሮ ጎደሊቭ ናቸው፤ ሲነግሩንም ለራሳቸው ሰበብ ሳይሰጡ ነበር።

በኦክቶበር 2017 ኢርማ በቤታቸው ደጃፍ ወደቁ። ሐኪሞች የጭንቅላት ደም ሥር መዘጋት መሆኑን አረጋገጡ። ቀኝ ጎናቸው ደከመ፤ ንግግራቸውም ከጥቂት ቃላት በቀር ተቋረጠ። ሊንደን በሚባለው የአረጋውያን ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ጎደሊቭ አብሬ ልግባ ብለው አመለከቱ። ያን ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሊስቤት ቻርተሩን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቤታቸው ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበር፤ የሁለት ሰው ክፍል ለተጋቡ ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ጎደሊቭ፣ እንዲህ ስል አፍራለሁ፤ ግን ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ጎደሊቭ። «ፊርማዬን እንዳታሳይኝ ብቻ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በየቀኑ በአውቶቡስ እየሄዱ ከእህታቸው ጋር ይውሉና አመሻሹ ላይ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይሰናበቱ ነበር። ኢርማ ከቀሯቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ወዴት?» የሚል ነበር። በየምሽቱ ወይዘሮ ጎደሊቭ ኮታቸውን ሲያነሡ ኢርማ እጃቸውን ጨብጠው «ወዴት?» ይላሉ። ቤት እንዳላቸው፣ ቤታቸውም አንድ እንደነበረ ያስታውሳሉ፤ እህታቸው ለምን ትተዋቸው እንደሚሄዱ ግን ሊገባቸው አልቻለም። ወይዘሮ ጎደሊቭ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው እስከ ቤታቸው ድረስ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ይሄዱ እንደነበር ጎረቤቶች አይተዋል። «እናቴ አባቴ ተቆጥቷል ትል ነበር፤ ኢርማ ደግሞ እኔ የተቆጣሁባት ይመስላታል ብዬ እፈራለሁ» ብለው ለልጃቸው ለቨርነር ነግረዋቸዋል።

ሸንጎውን ከለቀቁ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ እንደገና ወደ ብራሰልስ መመላለስ ጀመሩ። የሸንጎው ወጣት ጸሐፊዎች ቤቶቹን የሚወቅስ ደብዳቤ አዘጋጅተው ሲያሳዩአቸው አልተቀበሉም። በጉባኤው ፊት ቆመው ያሉት አጭር ነው፦ «ቤቶቹን አትውቀሱ። የተጻፈላቸውን ነው የሚፈጽሙት። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፍም አንዲት ሰው ቤት ሾርባ ይዛ እየጠበቀችኝ እንደነበር አውቅ ነበር። አሁን አርሙልኝ።» ጉባኤው አጨበጨበላቸው፤ ነገር ግን ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ፣ ኮሚቴውም ለመኸር ቀጠረው።

በፌብሩዋሪ 2018 የአልስት ካርኒቫል ደረሰ። የከተማችን ሰው በዚያን ሰሞን የማይዘልፈው፣ የማይቀልድበት ነገር እንደሌለ የታወቀ ነው። ወይዘሮ ጎደሊቭ ሥራ ያስተማሯቸው ጡረተኛ ፖስተኞች ለማንም ሳይነግሩ አንድ ጋሪ አሰናዱ። እሑድ ዕለት ሰልፉ ሲያልፍ ጋሪው ላይ ሁለት ሸንቃጣ ፂማም ሽማግሌዎች ከመጋረጃ የተሰፋ የሙሽራ ቀሚስ ለብሰው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል። ከበላያቸው በትልቁ «ኢርማና ጎደሊቭ ሊጋቡ ነው፤ አልጋ ስለተነፈጉ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። አንዱ ፖስተኛ የማዘጋጃ ቤት ሹም መስሎ ቅርጫት የሚያህል ማኅተም ይዟል።

«ይኼን ጋብቻ የሚቃወም አለ?» ብሎ ይጮኻል።

«ደንቡ!» ይላል መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ በአንድ ድምፅ።

«ደንቡ ማን ነው? ይምጣና ያስረዳ!»

«ታሟል! ለብቻው ክፍል ተኝቷል!»

ከኋላው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሠርገኛ ሆኖ ሩዝ እየበተነ ይከተላል።

ወይዘሮ ጎደሊቭ ኢርማን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ጽሑፉን ሲያነቡ ፊታቸው ቀላ፤ ባልደረቦቻቸውም ተቆጡን ብለው ሰጉ። ኢርማ ግን ጋሪው ፊት ለፊታቸው ሲደርስ በግራ እጃቸው አስቁመው የአንደኛውን ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ያዙና ገለበጡት። ከወደቁ ወዲህ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ተናግረው አያውቁም ነበር። «ስፌቱ ጠማማ ነው» አሉ።

ፂማሙ ሙሽራም «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ኢርማ፤ ባለቤቴ ናት የሰፋችው» አለ። ኢርማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወይዘሮ ጎደሊቭም ሳቁ።

የዚያ ጋሪ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጥቶ ብራሰልስ ደረሰ። ያኔ ከኮሚቴው ይልቅ ፎቶግራፉ ፈጠነ ማለት ይቻላል። ሸንጎው በመኸሩ ጉባኤ አንቀጹን ለውጦ «በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ሁለት ሰዎች» ብሎ ጻፈው፤ ማስረጃውም የጎረቤት ቃል ሆነ። አቶ ኩስቶዲዮ ያን ጊዜ የዘጠና ዓመት ሰው ሆነው፣ ከፖርቶ በስልክ «ሩቅ አገር ነው ብዬሽ ነበር፤ ደረስሽ እንግዲህ» አሏቸው። በማርች 2019 ወይዘሮ ጎደሊቭ ሁለት ሻንጣና አንድ የካርታ ሳጥን ይዘው ሊንደን ገቡ። በዚያ ምሽት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኢርማ እንደ ልማዳቸው «ወዴት?» አሉ።

«የትም» አሉ ወይዘሮ ጎደሊቭ፤ ጫማቸውንም አወለቁ።

አንድ ዓመት እንዲህ አብረው ኖሩ። በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የአረጋውያን ቤቶች በር ሁሉ ተዘጋ። ከውጭ የሚገባ የለም። ልጆች ከሜዳው ላይ ቆመው ወደ ወላጆቻቸው መስኮት እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር፤ ብዙዎችም በዚያው ዳግመኛ ሳይገናኙ ቀሩ። በሊንደን ሁለቱም እህትማማቾች ታመሙ። ወይዘሮ ጎደሊቭ ሲሻላቸው ኢርማ ባሰባቸው። ኤፕሪል 9 ቀን 2020 ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ገደማ ወይዘሪት ኢርማ ደ ሳድለር በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ጎደሊቭ ከአጠገባቸው ነበሩ። ለልጃቸው ስልክ ደውለው «እስከ መጨረሻው እጇን ይዣት ነበር። ብቻዋን አልሄደችም ቨርነር። አንተ መግባት አትችልም፤ እኔ ግን ውስጥ ነበርኩ» አሏቸው።

ሐዘናቸው ሳይወጣላቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ወይዘሮ ሊስቤት ቢሮ ሄዱ። «ይኼ ክፍል የሁለት ሰው ነው። እኔ አሁን አንድ ነኝ። ልልቀቀው» አሉ። ወይዘሮ ሊስቤት ማንም እንዳልጠየቃቸው፣ እስከፈለጉበት ጊዜ መቆየት እንደሚችሉ ቢነግሯቸውም አልሰሟቸውም። በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለች ጠባብ ክፍል ተዛወሩ። በለቀቁት ክፍልም ክልከላው ሲላላ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ቤት ርግብ እያረቡ የኖሩት፣ ሁለቱም ያላገቡት ወንድማማቾች፣ አቶ ሬሚና አቶ ኦክታፍ ፓውዌልስ ገቡ። ርግቦቻቸውን ይዘው ለመግባት ጠይቀው እንደነበረና አይሆንም እንደተባሉ፣ ወይዘሮ ጎደሊቭ ግን በዚህም ላይ ሁለት ደብዳቤ እንደጻፉ ወይዘሮ ሊስቤት ይናገራሉ። ደብዳቤዎቹ መልስ አላገኙም። ከሰዓት በኋላ ከወንድማማቾቹ ጋር ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ሲያሸንፏቸው ይናደዱ ነበር።

የመጨረሻ ሦስት ዓመታቸውን ሌላ ነገር ሲጠይቁ አሳለፉ፦ በወረርሽኝ ጊዜም ቢሆን በሞት አልጋ ላይ ላለ ሰው ቢያንስ አንድ የሚወደው ሰው እንዲገባለት። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም። ሸንጎው በስማቸው ይዞታል፤ እኛም እንይዘዋለን።

ወይዘሮ ጎደሊቭ ከ2023 መኸር ጀምሮ ልባቸው ደክሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኞ ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ጠዋት በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው በሊንደን ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከአጠገባቸው ልጃቸው ቨርነር ነበሩ።

ወይዘሮ ጎደሊቭ የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የሁለት የልጅ ልጆች አያትና የአንዲት የልጅ ልጅ ልጅ ቅድመ አያት ነበሩ። ሲቆጡ ቶሎ የሚበርዱ፣ ምስጋና ሲሰጣቸው ወሬ የሚቀይሩ፣ ከዘራ ያዙ ሲባሉ «ስሸመግል» የሚሉ እናት ነበሩ።

ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛው ወንበር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አቶ ሬሚና አቶ ኦክታፍ ናቸው። ከቀብሩና ከማዕዱ በኋላ በአንድ መኪና ተሳፍረው በአንድ ደጅ ይገባሉ፤ ምሽት ላይም ከሁለቱ አንዱ ኮት የሚያነሣ፣ ሌላውም ወዴት ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ጎደሊቭን ነፍስ ከአባታቸውና ከእናታቸው፣ ከባለቤታቸው ከፍሎሪሞንድ፣ ከሕፃኗ ከሊያና ከእህታቸው ከኢርማ ሳይለይ በአንድ ሥፍራ ያሳርፍልን። ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።